የአንገቴ ወሬ ለማን ተነገረ

የደረሰብኝን በደል ከፊት ላስቀድም። አንገቴ ላይ ካንሰር እንዳለ ሐኪሙ ለልጄ ነገረው። ልጄ ለእህቱ ነገራት። እህቱ ለጎረቤቴ ነገረችው። ለእኔ የነገረኝ የለም። ሕመሙ የእኔ፣ አንገቱ የእኔ፣ ወሬው ግን የሰፈሩ ሆነ። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ፤ የምጽፈውም ራሴ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም መነጽሬን ካደረግኩ የማላነበው ወረቀት የለም።

የምኖረው ሰበታ ነው። ወንዱ ልጄ ቡራዩ፣ ሴቷ ሱሉልታ ናቸው። አዲስ አበባን ከዳር ከዳር ይዘናታል፤ ለመጠያየቅ የግድ መሐሏን ማቋረጥ አለብን። የታከምኩበት ሆስፒታልም እዚያው መሐል ነው።

እብጠቱን የነገረኝ ንቅሳቴ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ አንገቴን በሦስት መስመር አስነቅሳኛለች። አንድ ቀን በመስታወት ሳይ መሐለኛው መስመር ጠምሟል። ቀጥ ብሎ ሲመጣ ይቆይና ጉሮሮዬ አጠገብ ሲደርስ ጉብ ይላል። እንቅርት ነው አልኩ። እናቴም ነበራት፣ አክስቴም ነበራት፤ በእኛ አገር እንቅርት ያላት ሴት ብርቅ አይደለችም። አንድ ዓመት ያህል በነጠላዬ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ኋላ ግን ምግብ ስውጥ የሚገፋኝ ነገር መጣ፤ ድምፄም እየሻከረ ሄደ።

ድምፄ ሲነካ ደነገጥኩ። እኔ በድምፄ የምኖር ሰው ነኝ። በዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ወደ ታች ሲያይ ተነሥቼ የምናገረው እኔ ነኝ። ቀበሌ ሰልፍ ላይ በጎን የሚገባውን ከኋላ ሆኜ የምጠራው እኔ ነኝ። በቤቴም ሕግ አለኝ፤ ዳቦ የቆረሰ መጨረሻ ነው የሚያነሣው። ልጆቼ በዚህ ነው ያደጉት። ስለዚህ በጎረነነ ድምፅ ከመኖር ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በመሣሪያ አዩኝ፤ ከዚያ ከእብጠቱ ላይ በመርፌ ናሙና ወሰዱ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ልጄ ከቡራዩ መጥቶ ይዞኝ ሄደ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ልጄን “አንድ ጊዜ ና” አለው። እኔን ኮሪደሩ ላይ እንድቀመጥ አደረጉኝ። አግዳሚውን አውቀዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ባለቤቴ የታመመ ጊዜ የምናመላልሰው እዚያው ሆስፒታል ነበር። ያን ጊዜ አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው እሱ፣ ገብቼ የምሰማው እኔ ነበርኩ።

ልጄ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። ለምን ታጠብክ አላልኩትም።

“እንቅርት ነው እማዬ” አለኝ። “ይወጣል፣ ያልቃል።”

አመንኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አምኜው ዋልኩ፣ አደርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ መጣ። ስለ እሱ ትንሽ መናገር አለብኝ። በኦሮምኛ ኦቦ እለዋለሁ፣ አዴ ይለኛል፤ አቶና ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። በዕድሜ እኩያሞች ነን፤ ክርክራችንም ዕድሜ ጠግቧል። በግቢዎቻችን መሐል አንድ ቦይ አለ። የእሱ ጣሪያ ውኃ በክረምት በዚያ ቦይ እየመጣ የእኔን ጎመን ይዞት ይሄዳል። ይህን ቦይ አራት ክረምት ተከራክረንበታል። በሽማግሌ አይተነዋል፣ ቀበሌም ሄደናል። አንድ ጊዜ በሽማግሌ ፊት “አዴ፣ ውኃ ዳኛ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁልቁለት ነው” ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔም “ውኃው ባያውቅ አካፋ የያዘው ያውቃል” አልኩት። በዚያው ቀረ።

ያን ጠዋት ግን ባርኔጣውን አውልቆ ከደጄ ቆመ።

“አካም ቡልታን፣ አዴ” አለ። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፤ ጠብ ላይ ሆነንም ሰላምታ አንነፋፈግም። ደኅና ማደሬን ነገርኩት። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ ቦዩን ከነገ ጀምሮ በራሱ ግቢ በኩል እንደሚያዞረው፣ ሲሚንቶም እንደሚያለብሰው ነገረኝ።

አራት ክረምት ያልተረታ ሰው በአንድ ጠዋት አይረታም።

“ኦቦ፣ ማን ሞተ?” አልኩት።

“ኧረ ማንም።”

“ታዲያ ማን ሊሞት ነው?”

ባርኔጣውን በእጁ አዞረው፣ እንደገና አዞረው። ያን ጊዜ አወቅኩ። የአንገቴን ነገር የሰማሁት ከባርኔጣ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ቦዩን እንዳይነካው ነገርኩት። በሐዘኔታ የተሰጠ ፍርድ አልፈልግም አልኩ። ከኖርኩ እንከራከርበታለን፤ ከሞትኩ ልጆቼ ይከራከሩበታል። እሱም ተቆጣ። ሰው ደግ ሲሆንልዎ እንኳ አይመችዎትም ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ ቡራዩ ሄድኩ። ልጄ ሳይጠራኝ በመምጣቴ ደነገጠ። ሚስቱ ከዚያ በፊት በነገር ሁሉ የምትከራከረኝ ሴት ናት፤ ለዚያም ነው የምወዳት። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እሺ አለችኝ። ወጡ ጨው ሳይበዛበት በዛበት ብላት እሷ “እውነትሽን ነው” አለች። ልጄን ወደ ጎን ወስጄ ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቅኩት። በእጁ ወደ ያዘው ሳህን እያየ፣ “እንቅርት ነው እማዬ። ይወጣል፣ ያልቃል” አለኝ።

ከዚያ ሱሉልታ ሄድኩ። ልጄ ገና ሳያት ወደ ጓዳ ገባች፤ ተመልሳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ጠየቅኳት። “እንቅርት ነው እማዬ። ይወጣል፣ ያልቃል።”

ብዙ ሽምግልና ላይ ተቀምጫለሁ። እውነት የሚናገሩ ሁለት ምስክሮች ቃላቸው ተመሳሳይ አይሆንም። አንዱ ፀሐይ ነበር ሲል ሌላው ደመና ነበር ይላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ቃል በቃል ከገጠመ ግን ቀድመው ተቀምጠው ተማክረዋል ማለት ነው።

ልቆጣቸው እችል ነበር። ሆኖም ሰው በራሱ ጊዜ እንዲናገር ዕድል መስጠት ያስፈልጋል። እስከ ቀዶ ጥገናው ቀን ድረስ ሰጠኋቸው። ዕድሉም ብዙ ነበር። ልቤን ለማስመርመር አብረን ሄድን። የድምፅ አውታሬን በቀጭን መሣሪያ በአፍንጫዬ በኩል ገብተው ሲያዩ ልጄ እጄን ይዛኝ ነበር። ደም ያስፈልግ ይሆናል ሲባል ሁለቱም ሰጥተው፣ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ለጥፈው መጡ። ደማቸውን ያልሰሰቱብኝ ልጆች አንዲት ቃል ሰሰቱብኝ።

የቀዶ ጥገናው ጠዋት ነርሷ ማተቤን እንዳወልቅ ጠየቀችኝ። ከተጠመቅኩ ጀምሮ አንገቴ ያለ ክር ሆኖ አያውቅም። አልበጠስም አልኩ። ልጅቷም ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ በራሴ በኩል አውጥታ እጄ ላይ አሠረችልኝ። ዛሬም አመሰግናታለሁ። ከዚያ በሚገፋው አልጋ ላይ አስተኙኝ። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስንቃረብ ነርሷ ስሜን ጠየቀችኝ፤ ወረቀቶቹን እያገላበጠች ደግሞ ለጓደኛዋ “ስምምነቱ ተፈርሟል” አለቻት።

“ማን ፈረመው?” አልኩ።

“ልጅዎ ፈርመዋል፣ እማማ።”

“በሕግ አምላክ” አልኩ።

አልጮኽኩም፤ የምጮኽበት ድምፅም አልነበረኝም። ነገር ግን አልጋውን የሚገፋው ሰውዬ ቆመ። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። በዚህ አገር ያደገ ሰው በሕግ አምላክ ሲባል እግሩ ራሱ ይቆማል። ነርሷ ተራ እንደሚያልፍብኝ፣ ካለፈ ደግሞ ስንት ሳምንት እንደምጠብቅ ነገረችኝ። ይለፍ አልኳት። ያልተነገረኝን ነገር ተኝቼ አላስቆርጥም።

ቀዶ ሐኪሟ ወጣች። ከሴት ልጄ ታንሳለች። አፏን የሸፈነችበትን ጨርቅ ወደ ታች ሳበች፣ ሌሎቹን ትንሽ ፈቀቅ እንዲሉ ነገረቻቸው፣ ከዚያ በአልጋው ቁመት ዝቅ አለች።

“ምን ልንገርዎ፣ እማማ?”

“ያለውን።”

“ካንሰር ነው።”

ቃሉን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ዕረፍት ተሰማኝ። ሁሉም ሰው ዙሪያውን ሲዞረው የነበረው ነገር በመጨረሻ ስም አገኘ።

ይገድለኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም ካሉት ሊገድል እንደሚችል፣ የእኔ ግን ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት እንደሆነ፣ ከዕጢው ወጥቶ የተሻገረም እንደማይመስላት፣ ከዚህ ብዙ ሰው እንደሚድን ነገረችኝ። ድምፄስ አልኳት። የድምፅ ነርቭ በዕጢው ጀርባ ያልፋል አለች። ቀጭን ክር ነው፤ እጠነቀቃለሁ፤ አይነካም ብዬ ግን ልምልልዎ አልችልም አለች።

ልምልልዎ አልችልም ስላለችኝ አመንኳት።

መነጽሬ ልጄ ኪስ ውስጥ ነበር። ከውጭ አስመጣሁና ወረቀቱን ቀስ ብዬ አነበብኩት። ከልጄ ፊርማ በላይ የራሴን ፈረምኩ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ግን አላየሁትም። ሐኪሟ ከመግባታችን በፊት አንገቴን በጣቷ ለካችና መሐለኛው ንቅሳት ላይ እንደምትቆርጥ፣ ጠባሳው በመስመሩ እንደሚሸፈን ነገረችኝ።

“ስትሰፊው አቃኚልኝ፣ ልጄ” አልኳት። “ጠምሟል።”

ስነቃ ከአንገቴ ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደም ያንጠባጥብ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጣቶቼን ጉንዳን ወረራቸው። ካልሲየም ወርዶ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። ከዚያ ልጄ ሱሉልታ ወስዳ አስተኛችኝ።

ሱሉልታ ነፋሱ ክፉ ነው። ልጄ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነችው። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ላም ትኩስ ወተት እያመጣች ታጠጣኛለች። አንገቴን ማዘንበል ስለማልችል ቀጥ ብዬ እንደተቀመጥኩ ፀጉሬን ታጥብልኛለች። ልጠራት ስፈልግ በማንኪያ ብርጭቆ እመታለሁ። በመጀመሪያው ምት ላይ ሁለተኛ አልጨምርም፤ ትደርሳለች። በእንዲህ ያለች ልጅ ላይ ቂም መያዝ ከባድ ነው። እኔ ግን ያዝኩ። ቂሙ ስላላጠበችኝ አይደለም፣ ስላልመለሰችልኝ ነው። ለምን እንዳልነገሩኝ በሹክሹክታ በጠየቅኳት ቁጥር “እማዬ፣ አትናገሪ ተብለሻል” እያለች ነጠላዬን ታስተካክልልኛለች። በሐኪም ትእዛዝ አፌን ዘጋችኝ።

ዕድሜ ልኬን የምውጠው ኪኒንም ተሰጠኝ፤ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ። የጾሙ ነገር አስጨንቆኝ የንስሐ አባቴን አስጠየቅኩ። መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ላኩብኝ። ቀጥሎም “እሷ ግን ዝም ማለቱን እንደ ጾም ትያዘው” ብለው ቀለዱብኝ አሉ።

የዕጢው ምርመራ መጣ። ሐኪሟ ራሷ ለእኔ ደወለች፣ ለልጄ አይደለም፤ እንዳልተሻገረ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ያንኑ ቀን ለሰበታው ጎረቤቴ ስልክ ደወልኩ። “ሄሎ” አልኩ። “ማን ልበል?” አለኝ። አርባ ዓመት በአጥር የሰማኝ ሰው ድምፄን አላወቀውም። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ካንሰር ነው ሲሉኝ እንኳ አላለቀስኩም ነበር።

ወደ ቤቴ የተመለስኩት ጎመኔ ካረጀ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ሽማግሌ ማስጠራት ሆነ። ሰው የገዛ ልጆቹን በሽማግሌ ይከሳል ወይ ብለው የሳቁ አሉ። የበደለኝ ባዕድ ቢሆን ከስሼው አርፍ ነበር፤ ለልጆቼ ሲሆን ሕጉ ለምን ይቀየራል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በግቢዬ ተቀመጡ፤ አንዱ ኦቦ ነበር። ልጆቼ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጥተው በአንድ አግዳሚ ተቀመጡ።

ከሳሽ ቆሞ ይናገራል። ቆምኩ። ድምፄ ግን ሁለት እርምጃ አይደርስም፤ ትልቁ ሽማግሌ ደግሞ ጆሯቸው ደከም ብሏል። ያን ጊዜ ኦቦ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጠገቤ መጣ።

“አዴ ይናገሩ” አለ። “እኔ አደርሳለሁ።”

እንዲሁ ሆነ። እኔ በትንፋሽ እላለሁ፣ እሱ በዚያ እርሻ ማዶ በሚሰማ ድምፁ ይደግመዋል። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አንዲት አልቀነሰም። “ወሬውን ለእኔ ደብቀው ለጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤቱም እያወቀ ፊቴ ቆሞ ዝም አለኝ” ስል ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ራሱን የሚከሰውን ቃል ሳይዘል በሙሉ ድምፁ ተናገረው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ልጆቼ ጥፋታቸውን አልካዱም። ሽማግሌዎቹ ተማከሩና ፈረዱልኝ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ የሚጻፍ ወረቀት ቀድሞ ለእኔ ይነበባል፣ የሚፈርመውም እኔው ነኝ። ልጆቼ ተነሥተው ጉልበቴን ሳሙ። አነሣኋቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ምርቃት ሊጀምሩ ሲሉ እጄን አነሣሁ። ፍርዱን አግኝተዋል፣ ምን ቀረ አሉኝ።

“መልስ ቀረ” አልኩ፤ ኦቦም “መልስ ቀረ ይላሉ” አለ። “ለምን አልነገሩኝም?”

ሴቷ አቀረቀረች። ወንዱ ልጄ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን እኔን እያየ ተናገረ።

“አባዬ ያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተሽ ‘ጨጓራ ነው’ አልሽው። እኔን ወደ ግድግዳው ወስደሽ ‘ከነገርከው ልጄ አይደለህም፤ በተስፋ ይኑር’ አልሽኝ። እስኪቀበር አልነገርኩትም። ሰው እናቱን ሲወድ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው የያዝኩት፣ እማዬ። ሌላ መንገድ አላሳየሽኝም።”

ኦቦ የሚደግመው ነገር እየጠበቀ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ነበር። በእጄ ፈቀቅ አደረግኩትና ወደ ልጄ ሄድኩ። በራሴ ድምፅ፣ በቀረችኝ፣ ለሌላ ሰው ሳይሰማ ጠየቅኩት።

“አባትህ ጠይቆህ ያውቃል?”

“አንድ ቀን ጠይቆኛል” አለ። “ጨጓራ ነው አልኩት። እጄን ይዞ፣ ‘ለእናትህ ብለህ ነው፤ ግድ የለም፣ የማውቅ መሆኔን እንዳትነግራት’ አለኝ።”